የቀብር ገንዘባችንን መድኃኒት ጨረሰው፦ ለክፍለ ከተማችን የጤና መድን ጽሕፈት ቤት የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለክፍለ ከተማችን የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ጽሕፈት ቤት
አዲስ አበባ

ግልባጭ፦ ለወረዳችን አስተዳደር፣ ለወረዳችን ጤና ጣቢያ፣ ለሰፈራችን ዕድርተኞች በሙሉ

ጉዳዩ፦ የመድን ደብተር ይዘን መድኃኒት ስለማጣታችንና ከነጻ ተጠቃሚዎች ዝርዝር ስለወጡ አባሎቻችን

የተከበራችሁ የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊና ባልደረቦች፣

ጤና ይስጥልን።

እኔ የአንድ የሰፈር ዕድር ጸሐፊ ነኝ። የዕድር ሥራ ምን እንደሆነ ለእናንተ አይነገርም። ሰው ሲሞት ጡሩምባ ይነፋል፤ ድንኳን ይተከላል፤ ወንበርና ሳህን ከመጋዘን ይወጣል፤ ንፍሮ ይቀቀላል፤ ቀብር ይፈጸማል። እኔ ደግሞ መዝገብ እይዛለሁ። ማን ከፈለ፣ ማን ቀረ፣ ለማን ስንት ወጣ። 22 ዓመት ይህንኑ ስጽፍ ኖሬያለሁ። ደብዳቤ መጻፍ ግን አልወድም። ደብዳቤ የጻፈ ሰው መልስ ሲጠብቅ ይኖራል።

አሁን እንድጽፍ ያደረገኝ ባለፈው ወር በወረዳችን ግድግዳ ላይ የተለጠፈው ዝርዝር ነው። "የመክፈል አቅም የሌላቸው" ተብለው መዋጯቸውን መንግሥት ሲሸፍንላቸው ከነበሩት አባሎቻችን 11ዱ ከዝርዝሩ ወጥተዋል። ለምን እንደወጡ የተጻፈ ነገር የለም። ከሥር አንድ መስመር ብቻ አለ፦ በ15 ቀን ውስጥ ከፍሎ ያላደሰ ሰው ደብተሩ አይሠራም። ከ11ዱ 8ቱ ከ65 ዓመት በላይ ናቸው። አራቱ ማንበብ አይችሉም። ዝርዝሩን ያነበበላቸው በር ላይ ጫማ የሚጠርገው ልጅ ነው።

በዚያው እሑድ ዕድሩ ተሰበሰበ። ብዙ ተጮኸ። አንዱ "ሄደን ደጃቸው እንቀመጥ" አለ። አንዷ አለቀሰች። በመጨረሻ ዳኛችን ወደ እኔ ዞረው "ጻፍ" አሉኝ። እነሆ ጻፍኩ።

አንድ ነገር ላስቀድም። በዚህ ደብዳቤ የማንንም ስም አልጠራሁም። የሰዎቻችንን ያልጠራሁት ድህነታቸው አንድ ጊዜ ግድግዳ ላይ መለጠፉ ስለሚበቃ ነው። የክፍለ ከተማውንና የጤና ጣቢያውን ስም ያልጠራሁት ደግሞ ከሌሎች ሰፈር ዕድሮች ጸሐፊዎች ጋር ቡና ስንጠጣ የምንሰማው ታሪክ አንድ ዓይነት ስለሆነ ነው። ደብዳቤው የሚመለከታችሁ መሆኑን እናንተ ታውቃላችሁ።

በጤና መድኑ ሐሳብ ላይ ቅሬታ የለንም። እንዲያውም በ2003 ዓ.ም. በአራት ክልሎች፣ በ13 ወረዳዎች ሲሞከር በሬዲዮ ሰምተን "ይኼማ የኛው ዕድር ነው" ያልን ሰዎች ነን። ሁሉም ትንሽ ትንሽ ያዋጣል፤ የቸገረው ይረዳበታል። ዕድር ለሞተ፣ መድን ለታመመ። ነገሩ አዲስ አበባ ሲደርስ በሰፈራችን ቤት ለቤት ዞሮ አባል የመለመለው ማን ነው? እኛው ነን። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ፎርሙን ትይዛለች፤ እኔ በር አንኳኳለሁ። "ለሞታችሁ ስትከፍሉ ኖራችኋል፤ ለጤናችሁ አትከፍሉም ወይ?" እያልኩ ስንቱን አሳመንኩ። ዛሬ ሰዉ መንገድ ላይ አስቁሞ ያንኑ አፌን መልሶ ይጠይቀኛል። የምመልሰው አጣሁ።

የመጀመሪያውና ትልቁ ቅሬታችን መድኃኒት ነው።

አንዲት እናታችን አሉ። ባላቸው ካረፉ 9 ዓመት ሆኗቸዋል። እንጀራ እየጋገሩ ለሁለት ምግብ ቤቶች ያስረክቡ ነበር። ስኳርም ደም ግፊትም አለባቸው። ነጻ ተጠቃሚ አልነበሩም፤ መዋጯቸውን በየዓመቱ ከራሳቸው ኪስ የሚከፍሉ ሴት ናቸው። ደብተራቸው ታድሷል፣ ፎቶው አለ፣ ማኅተሙ አለ። በየወሩ አንድ ቀን ከጠዋቱ 12 ሰዓት ጤና ጣቢያው በር ላይ ይሰለፋሉ። ከዚያ ካርድ ክፍል ወረፋ ነው። "ሲስተም የለም" ከተባለ ሲስተሙ እስኪመጣ ደግሞ ሌላ ወረፋ። ሐኪሙ ጥሩ ልጅ ነው፤ አክብሮ ያናግራቸዋል፣ ግፊታቸውን ይለካል፣ ሜትፎርሚንና አምሎዲፒን ብሎ ይጽፍላቸዋል። መድኃኒት መስኮቱ ጋ ሲደርሱ "ይኼኛው አለ፣ ይኼኛው የለም፣ ከውጭ ግዙ" ይባላሉ። በሚቀጥለው ወር የነበረው ጠፍቶ የጠፋው ይመጣል። ሁለቱ ባንድ ቀን የተገኙበትን ጊዜ አላስታውስም ይላሉ። ቤታቸው ሲደርሱ 6 ሰዓት ተኩል ሆኗል። ሊጡ ሞልቶ ፈስሷል። የዚያን ቀን እንጀራ የለም ማለት ነው፤ እንጀራ ከሌለ ብር የለም፤ ብር ከሌለ ደግሞ "ከውጭ ግዙ" የተባለው አይገዛም።

ይህ ቃል ሰፈራችን ውስጥ ቀልድ ሆኗል። ባለሱቁ ዘይት ሲያልቅበት "ከውጭ ግዙ" ይላል። ሰዉ ይስቃል። እኔም እስቃለሁ፤ ከዚያ መዝገቡን ስከፍት ሳቄ ይጠፋል።

የውጭውን ዋጋ ታውቁታላችሁ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው በገበያ ይወሰን ከተባለ በኋላ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ። ሀገራችን ከምትጠቀመው መድኃኒት አብዛኛውን ከውጭ ነው የምታስገባው። ስለዚህ ክኒኑም ወጣ። እንጀራም ዋጋው ጨምሯል፣ አልካድኩም። ጭማሪው ግን ጤፉ ጋ፣ ወፍጮው ጋና መብራቱ ጋ ቀረ እንጂ ጋጋሪዋ እጅ አልደረሰም።

እናታችን ምን አደረጉ? በቀን ሁለት ጊዜ የታዘዘላቸውን ክኒን አንዴ መዋጥ ጀመሩ። ሲብስ ደግሞ አንድ ቀን እየዘለሉ። ሲያልቅ ግፊት ካለባት ጎረቤታቸው ሦስት ፍሬ ይበደራሉ፤ ሲገዙ ይመልሳሉ። እኛ ሰፈር ጨው እንበዳደራለን፣ ቡና እንበዳደራለን፣ ከሰል እንበዳደራለን። ክኒን መበዳደር ግን አዲስ ነው። ሐኪሙ ይህን አያውቅም። "እየወሰዱ ነው?" ሲላቸው "አዎ ልጄ" ይሉታል። ድህነት ያሳፍራል፤ በተለይ ጥሩ ልጅ ፊት።

ባለፈው ግንቦት አንድ ጠዋት ምጣድ ላይ እንዳሉ እጃቸው አልታዘዝ አለ። ቀጥሎ እግራቸው። አፋቸው ተጣመመ። ዕድሩ ታክሲ ከፍሎ ሆስፒታል ወሰዳቸው፤ 19 ቀን ተኙ። ሕይወታቸው ተርፏል። የቀኝ እጃቸው ግን ከእንግዲህ ሊጥ አያዞርም። የሆስፒታሉን አልጋ የከፈለው መድኑ ነው፣ እሱን አንክድም። ግን ሒሳቡን እናንተው ሥሩት። የአንድ ዓመት የግፊት ክኒን ይበልጣል ወይስ የ19 ቀን አልጋ? ክኒኑ ቢኖር ኖሮ ጽሕፈት ቤቱም ይተርፍለት ነበር፣ እሳቸውም ዛሬ መዋጮ ከፋይ ነበሩ። አሁን መክፈል ስለማይችሉ ነጻ ተጠቃሚ ይደረጉ ብለን አመለከትን። "ዝርዝሩ ተዘግቷል" ተባልን።

ሁለተኛው ጉዳይ የ14 ዓመት ልጅ ነው። እናቱ ጉሊት ሽንኩርትና ቃሪያ ትሸጣለች። ልጁ የስኳር በሽተኛ ነው፤ ያለ ኢንሱሊን አያድርም። ኢንሱሊኑ ቀዝቃዛ ቦታ መቀመጥ አለበት። እነሱ ማቀዝቀዣ የላቸውም፤ በጎረቤት ማቀዝቀዣ ውስጥ ከቅቤና ከሥጋ ጎን በፌስታል ተጠቅልሎ ይቀመጣል። መብራት ሲጠፋ እናቱ ጉሊቷን ትታ በረዶ ፍለጋ ትሮጣለች። ይኼ የነሱ ጣጣ ነው፤ ለምደውታል። ያልለመዱት ኢንሱሊኑ ራሱ ሲጠፋ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት በኅዳር ጤና ጣቢያው "የለም" አለ፤ የተላኩበት ሆስፒታልም "የለም" አለ። አንድ የግል መድኃኒት ቤት ነበረው። ዋጋው የጉሊቷን የሁለት ሳምንት ትርፍ ይበላል።

ማታ ቤቴ መጣች። "ልጄ ከሞተ ዕድሩ ለቀብር ስንት ይሰጠኛል?" አለችኝ። ነገርኳት። "እሱን አሁን ስጡኝ" አለች።

እዚህ ላይ ቆም ብላችሁ እንድታነቡልኝ እለምናለሁ። የዕድራችን ደንብ ግልጽ ነው። ገንዘቡ ለቀብርና ለለቅሶ ብቻ ይወጣል። ለሠርግ አይወጣም፣ ለብድር አይወጣም፣ ለሕክምና አይወጣም። በ22 ዓመት ውስጥ ይህ ሲጣስ አላየሁም። በማግሥቱ ኮሚቴው ተጠራ። አንድ አዛውንት ተነሡ። ከ40 ዓመት በላይ የከፈሉ፣ አንድ ወር እንኳ ያላሳለፉ ሰው ናቸው። "ልጁ ይታከም፤ እኔም አባት ነኝ" አሉ። "ግን ዛሬ ለዚህ ከወጣ ነገ ለሌላው ይወጣል። እኔ ልጅ የለኝም፣ ዘመድ የለኝም። ያለኝ ይህ ዕድር ነው። ገንዘቡ ካለቀ እኔን ማን ይቀብረኛል?" ክፍሉ ጸጥ አለ። የሚመልስላቸው ጠፋ፤ ልክ ናቸዋ። እኔም ቃለ ጉባኤው ላይ "ለኢንሱሊን መግዣ" ብዬ ጻፍኩ። እሳቸው ራሳቸው ፈረሙ። ሲፈርሙ እጃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር፤ በእርጅና ይሁን በሌላ አላውቅም።

እንደፈሩትም ሆነ። ከዚያ ወዲህ ለአስም ማስታገሻ፣ ለሚጥል በሽታ ክኒን፣ ለደም ግፊት፣ ለደረቅ ሳል ምርመራ እያልን አወጣን። ባለፈው ዓመት ለመድኃኒት ያወጣነው ለቀብር ካወጣነው በለጠ። መዝገቡን ማየት የሚፈልግ ከእናንተ መካከል ካለ ቤቴ ይምጣ፣ ገጽ በገጽ አሳያለሁ። ድንኳናችን ተቀዷል፤ መግዣ የለንም። ክረምት የሞተ ሰው ለቀስተኛው በዝናብ እየተደበደበ ነው የሚሸኘው።

"ከውጭ የገዛ ሰው ደረሰኝ ያምጣ፣ ገንዘቡ ይመለስለታል" ተብለናል። አዎ፣ ተብለናል። የልጁ እናት ደረሰኝ ይዛ ሄደች። መጀመሪያ ማዘዣው ላይ "የለም" የሚል ማኅተም ይምታበት ተባለች። አስመታች። ቀጥሎ ደረሰኙ ላይ የመድኃኒቱ ስም በግልጽ ይጻፍ ተባለች። አስጻፈች። ቀጥሎ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው። ከአምስት ወር በኋላ ፋይሉ አልተገኘም። ለዚህ የተመላለሰችበት የታክሲ ሒሳብ ከሚመለስላት ሊበልጥ ሲል ተወችው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ነው የሚተወው። ምናልባት በእናንተ ሪፖርት ላይ "ተመላሽ የጠየቀ የለም" ተብሎ ይሆን? ይህችን እንኳ በሐሜት ያዙልኝ።

ወደ ዝርዝሩ ልመለስ።

ከወጡት 11 ሰዎች አንዱ ሸማኔ ናቸው። ዕድሜ ልካቸውን ጉድጓድ ውስጥ እግራቸውን ከተው ሲሸምኑ ኖረው አሁን ዓይናቸው ድርና ማግ መለየት አቅቶታል። ጡረታ የላቸውም። በሀገራችን ጡረታ ለተቀጠረ ሰው ነው፤ ሸማኔን ማን ቀጥሮት ያውቃል? እሳቸውን ያወጣቸው ምን እንደሆነ በወሬ ነው የሰማነው። ልጃቸው ዓረብ ሀገር ናት፣ ስለዚህ ገንዘብ ይላክላቸዋል ተብሎ ነው አሉ። ልጅቱ ሄዳለች፣ እውነት ነው። ከሄደች በኋላ የመጀመሪያውን ዓመት ልካለች፤ እሱም የደላላውን ዕዳ ከፈለ። ከዚያ ስልኳ ዝም ካለ ሁለት ዓመት ሊሆነው ነው። አባትየው በየማታው ስልካቸውን ቻርጅ አድርገው ነው የሚተኙት። ይህን የሚያውቀው ጎረቤት ነው፤ ዝርዝሩን ያዘጋጀው ሰው ግን ጎረቤት አልጠየቀም።

አንዷ ደግሞ ቤታቸው ቴሌቪዥን ታይቶ ነው አሉ። ቴሌቪዥኑ የተበላሸ ነው። የሟች ባላቸው ስለሆነ አልጣሉትም፤ ጨርቅ አልብሰው ፎቶ አስቀምጠውበታል።

እነዚህን ወሬ ብዬ ነው የጻፍኩት፣ ምክንያቱን የሚነግረን ስለሌለ። ምክንያት ካልተነገረ ወሬ ቦታውን ይይዛል። "እገሌ ከኮሚቴው ጋር ይጠጣል" ይባላል፤ "ኮታ ወርዶ ነው" ይባላል። ሰው ከሰው ይጣላል። በዝርዝሩ የቀሩትንና የወጡትን በአንድ ድንኳን ሥር አስቀምጦ ማስታረቅ የማን ሥራ ይሆናል? የኛው።

ከመጀመሪያውም ዝርዝር ውስጥ ያልገቡ አሉ። ከገጠር መጥተው በግለሰብ ግቢ ጠባብ ክፍል ተከራይተው የሚኖሩ ልብስ አጣቢዎች፣ ተሸካሚዎች፣ የቀን ሠራተኞች። የነዋሪነት መታወቂያ የላቸውም። አከራዩ ተከራዬ ናቸው ብሎ አይፈርምላቸውም፤ ግብር ይመጣብኛል ብሎ ይፈራል። መታወቂያ ከሌለ ደብተር የለም። ከፍለው ልግቡ ቢሉም አይችሉም። ከሁሉም ድሀ የሆነው ሰው በሩ ላይ ይቀራል ማለት ነው። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 41 ላይ ማንኛውም ኢትዮጵያዊ በመንግሥት ገንዘብ በሚካሄዱ ማኅበራዊ አገልግሎቶች በእኩልነት የመጠቀም መብት አለው ይላል፤ ለአረጋውያንና ወላጅ ለሌላቸው ልጆችም መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን ይደግፋል ይላል። አቅም በፈቀደ መጠን መባሉን አይተናል። አቅም ከሌለም "አቅም የለንም" መባል አለበት እንጂ ሰው ከግድግዳ ላይ ስሙን ሲፈልግ መዋል የለበትም።

ከመሀል ከተማ ቤታቸው ፈርሶ ወደ ዳር የሄዱ አባሎቻችን ጉዳይ አጭር ነው። ዕድሩን አልተዉም፤ በየወሩ ሁለት ታክሲ ይዘው መጥተው ይከፍላሉ። ደብተራቸው ግን እዚህ ወረዳ ነው። ቢታመሙ መጀመሪያ እዚህ ጤና ጣቢያ መጥተው ሪፈር ካልተጻፈላቸው አጠገባቸው ያለው አይቀበላቸውም። ይዛወርልን ሲሉ አዲሱ ወረዳ "የምዝገባ ጊዜ አልፏል" ይላቸዋል። የወለደች ሴት፣ ትኩሳት የያዘው ሕፃን፣ የምዝገባ ጊዜ ጠብቆ አይታመምም።

ስለ ክብርም አንድ ነገር። "መድን ናችሁ? እዚያ ጋ ቁሙ" የምትለዋ ቃል ትቅርልን። ገንዘብ ከፋዩ በአንድ በኩል ሲያልፍ ባለ ደብተሩ ግድግዳ ተደግፎ ይጠብቃል። በነጻ የምንታከም አስመሰላችሁን። አልፎ ተርፎ መዋጯቸው በመንግሥት የተከፈለላቸውም ቢሆኑ ዕድሜያቸውን ሙሉ ለዚህች ከተማ ሸምነዋል፣ ጋግረዋል፣ ተሸክመዋል። ይህን ስል የጤና ባለሙያዎቹን እየከሰስኩ አይደለም። እነሱም በ2017 ዓ.ም. ደመወዛችን አላኖረንም ብለው ድምፃቸውን ሲያሰሙ ሰምተናል። መስኮቱ ላይ ቆማ ቀኑን ሙሉ "የለም" የምትለዋ ልጅ መድኃኒቱን ደብቃው አይደለም። ስድቡን የምትቀበለው ግን እሷ ናት።

እንግዲህ የምንጠይቀውን ልጻፍ።

ከሁሉ በፊት የ11ዱ ሰዎች ደብተር ጉዳያቸው እስኪጣራ ድረስ ይሥራ። 15 ቀኑ ሊያልቅ ነው። ከመካከላቸው በየቀኑ መድኃኒት የሚወስዱ አሉ። ቀጥሎ እያንዳንዳቸው ለምን እንደወጡ በጽሑፍ ይነገራቸው፤ ማንበብ ለማይችሉት በቃል ይነገራቸው፤ ቅሬታ የሚያቀርቡበት ቦታና ቀን ይታወቅ። ስማቸው ግን ዳግመኛ ግድግዳ ላይ አይለጠፍ። በማጣራት ኮሚቴው ውስጥ ከሰፈሩ ዕድሮች አንድ ሰው ይግባ። ለአድልዎ ብለን አይደለም። የማን ምድጃ ስንት ቀን ጭስ እንዳልወጣበት የሚያውቀው ጎረቤት ነው። በሽባነት ከሥራ የወጡት እናታችንም በዚሁ ይታዩልን።

መድኃኒትን በተመለከተ፣ በየሰኞው ጤና ጣቢያው በር ላይ ያለውና የሌለው ይለጠፍ። ሰው ተሰልፎ ከስድስት ሰዓት በኋላ "የለም" ከሚባል ጠዋት ቢያውቀው ሥራውን ይሠራል። ለግፊት፣ ለስኳር፣ ለሚጥል በሽታና ለአስም ታካሚዎች ሐኪሙ ደህና ናቸው ካለ የሁለት ወይም የሦስት ወር መድኃኒት ባንድ ጊዜ ይሰጣቸው። ጤና ጣቢያው የሌለውን መድኃኒት አባሉ ደብተሩንና ማዘዣውን አሳይቶ፣ ከኪሱ ሳይከፍል፣ ከመንግሥት መድኃኒት ቤቶች እንዲወስድ ውል ይደረግ፤ በወረቀት አለ ከተባለ በተግባር ይሁን። ሒሳቡን እናንተና መድኃኒት ቤቱ ተወራረዱ። የልጁ ኢንሱሊን ጉዳይ ወረፋ የሚጠብቅ ስላልሆነ በዚህ ሳምንት አንድ ሰው እናቱን ያነጋግራት። እስከ ዛሬ ደረሰኝ አስገብተው የቀሩ አባሎቻችን ፋይል ይፈለግ። ካልተገኘ እኔ ጋ ቅጂው አለ። ጸሐፊ ነኝ፣ ወረቀት አልጥልም።

ከቦታቸው የተነሡት በሚኖሩበት ሰፈር እንዲታከሙ ይፈቀድላቸው። ለተከራዮቹም ከመታወቂያ ሌላ የሚታወቁበት መንገድ ይፈለግ። የዕድር ጸሐፊ ምስክርነት ይበቃል ከተባለ ኃላፊነቱን ወስጄ እፈርማለሁ፣ ብዋሽ እጠየቅበታለሁ።

አንድ የመጨረሻ ጥያቄ አለን። ዕድራችን በዓመት አንድ ጊዜ ሒሳቡን ለአባላት ያነባል። ገቢ ይህን ያህል፣ ወጪ ይህን ያህል፣ በእጅ ያለ ይህን ያህል። የተቃወመ ይናገራል። እናንተም የሰፈራችንን መዋጮ አንብቡልን። ከእኛ ስንት ተሰበሰበ፣ ለነጻ ተጠቃሚዎች መንግሥት ስንት ጨመረ፣ ለመድኃኒት ስንት ወጣ፣ ስንቱስ ቀረ? ምናልባት ገንዘቡ በእርግጥ አይበቃም ይሆናል። አይበቃም ከተባለ ሰዉ መጨመር ያለበትን ይጨምራል፤ ዕድር ያስለመደው ሰው ነው። የማይችለው ለማያየው ነገር መክፈል ነው።

ስብሰባችን በወሩ የመጨረሻ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ላይ በዕድሩ ግቢ ነው። ከጽሕፈት ቤታችሁ አንድ ሰው ላኩልን። ድንኳኑ የተቀደደ ቢሆንም ወንበሩ ደህና ነው። ከፊት መስመር አንድ ቦታ እንይዛለን።

ከአክብሮት ጋር፣

የዕድሩ ጸሐፊ
ከዕድሩ ዳኛ፣ ከገንዘብ ያዡና ከኮሚቴው አባላት ፊርማ ጋር